ዘፈኑ ደብረ ወርቅ ገባ፤ ሂሳቡስ የት ቀረ?

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነሱት ጤፍ፣ ስኳርና ሲሚንቶ ናቸው። ለዛሬ ግን በኩንታል የማይመዘን፣ በሜትር የማይለካ፣ ኬላ ላይ ሸራው ተገልጦ የማይፈተሽ አንድ ሸቀጥ ይዘን ቀርበናል። ሸቀጡ ዘፈን ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመርቶ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆስ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ቢቸናን አልፎ ደብረ ወርቅ ሲገባ በየደረጃው ያጓጓዘው፣ ያባዛውና የቸረቸረው ሁሉ የየድርሻውን አንስቷል። በዚህ መንገድ ላይ ሳይነሳ የቀረው የባለቤቲቱ ድርሻ ነው።

ባለቤቲቱ የጎጃም ልጅ ነች። አድማጭ ጂጂ እያለ የሚጠራት ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ1974 ቻግኒ ተወለደች። ቻግኒና ደብረ ወርቅ ሁለቱም ጎጃም ይባሉ እንጂ የተቀመጡት በሁለት ጫፍ ነው። ቻግኒ በምዕራቡ በኩል ወደ ቆላው ያዘነበለች ስትሆን፣ ደብረ ወርቅ በምሥራቁ ደጋ ላይ ያለች የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ጂጂ የቆዩ ዜማዎችን የቀሰመችው ቤታቸው ውስጥ ከነበረ ቄስ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። አድጋ ናይሮቢ ተቀመጠች፣ ከናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች። በውጭ አገር ለሚኖረው ኢትዮጵያዊም ሁለት አልበሞች ሠራች። እስከዚህ ድረስ ታሪኳ ከብዙ ስደተኛ ድምፃውያን ታሪክ እምብዛም አይለይም። የሐበሻ ሱቅ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የቅዳሜ ማታ መድረክ፤ ገበያው ይኸው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ነጋዴ ሲሰማት ነው። ነጋዴው ክሪስ ብላክዌል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጃማይካ ውስጥ አይላንድ ሪከርድስን ያቋቋመ፣ ሬጌን ለዓለም ገበያ ያቀረበ ሰው ነው። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ሁሉ ለገበያ ገጽ የሚስማማው አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቦብ ማርሌይና ሁለቱ ጓደኞቹ ለንደን ውስጥ ኪሳቸው ነጥፎ ቢሮው ሲገቡ ብላክዌል 4,000 ፓውንድ ቆጥሮ ሰጣቸውና አገራችሁ ሄዳችሁ አልበም ሠርታችሁ አምጡልኝ አላቸው። ገንዘቡን በልተው ይጠፋሉ ያሉት ብዙዎች ነበሩ። አልጠፉም፤ ቴፑን ይዘው ተመለሱ። ብላክዌል ግን ቴፑን እንዳለ አላሳተመውም። ገዢዬ የሮክ አድማጭ ነው በሚል ስሌት የሮክ ጊታርና ኪቦርድ አስጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ1973 «ካች ኤ ፋየር» በሚል ርዕስ ገበያ አወጣው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይኸው ሰው አይላንድን እ.ኤ.አ. በ1989 ለፖሊግራም ሸጦ፣ ጥቂት ዓመታት አብሮ ከቆየ በኋላ ለቅቆ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1998 ፓልም ፒክቸርስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ከፈተ። በጊዜው የዓለምን የሙዚቃ ንግድ የያዙት 5 ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ፓልም ከእነርሱ ውጭ በራሱ የቆመ፣ በእኛ አነጋገር ጥገኛ ያልሆነ አሳታሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ በዘፋኟ ስም «ጂጂ» ተብሎ የተጠራው አልበም የወጣው ከዚህ ቤት ነው።

እንግዲህ ድግሱን እንመልከት። ፕሮዲውሰሩ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነው፤ በኋላም የጂጂ ባለቤት ሆኗል። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ፊውቸር ሾክ»ን የሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የእንግሊዞቹን የሞተርሄድንና የፐብሊክ ኢሜጅን የሮክ አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረገ ነው። ለቻግኒዋ ልጅ ከጃዙ ሠፈር ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን አምጥቶ አሰለፈላት። ከበሮው፣ ታብላው፣ ቤዝ ጊታሩ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩ፣ በኮምፒዩተር የተቀነባበረው ድምፅ ሁሉ በአንድ ማዕድ ቀረበ። በመካከሉ የእኛው አገር ቅኝት አለ። በላዩ ላይ ደግሞ በአማርኛ የምታዜም የጎጃም ሴት።

ይህ ሙዚቃ ምን ተብሎ ይጠራ? የሮክ አልበም ነው የሚል ሰው ቢመጣ ሙሉ በሙሉ አይሳሳትም፤ ጃዝ ነው ቢል፣ ደብ ነው ቢል፣ ባህላዊ ነው ቢልም እንዲሁ። ጂጂ ራሷ በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አንዱን «ጉራማይሌ» ብላዋለች። ጉራማይሌ ማለት ድድን በሙሉ ሳይነቀሱ አንዱን ቦታ አጥቁሮ አንዱን ቀይ እንደሆነ መተው ነው። እናቶቻችን ለውበት ብለው ያደርጉት የነበረ ንቅሳት ነው። አማርኛውን ከፈረንጅኛ እያፈራረቀ ለሚናገር ሰውም ስያሜው ተርፏል። በሙዚቃ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን «ጉራማይሌ» የሚል ክፍል የለም። አሜሪካኖቹ «የዓለም ሙዚቃ» ከሚሉት መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ከማሊው፣ ከቡልጋሪያውና ከፓኪስታኑ ጋር ማለት ነው። ይህ መደርደሪያ ለሻጩ ይመቸዋል። ለዘፋኙ መመቸቱ ግን ያጠራጥራል፤ ወደዚያ ጥግ የሚሄደው ገዢ ቁጥሩ የተወሰነ ነውና።

አልበሙ በውጭ አገር ሐያስያን ዘንድ ተወደሰ። አገር ቤት ሲገባ ግን ውዝግብ አስነሳ። «ዘፈናችንን አበላሸችው» ያለ ነበር፤ «ዘፈናችንን አወጣችው» ያለም ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በበኩሉ ሁለቱም ወገኖች ያዳመጡት የተለያየ ዘፈን ይመስለዋል። አንዳንዱ ላይ ቤዙ ድምጿን ሊውጣት ይዳዳዋል። «ባለ ዋሽንቱ»ን፣ «አባይ»ን፣ «አድዋ»ን የመሳሰሉት ላይ ግን ድምጿ ብቻውን ቢቀር እንኳን ዘፈኑ ይቆማል። ለነገሩ ጎጃም ውስጥ ዋሽንት የእረኛ መሣሪያ ነው፤ አጃቢ ሳይፈልግ ተራራ ለተራራ ይሰማል።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። የፈረንጅ አሳታሚ አሠራር ለእኛ አገር ሰው ግር የሚያሰኝ ነው። ኩባንያው ለዘፋኙ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። ስቱዲዮውን ይከፍላል፤ ሙዚቀኞቹንም እንዲሁ። ገንዘቡ ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ዘፋኙ ከእያንዳንዱ ሲዲ የሚደርሰው ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት እጁ፣ ያ ሁሉ ወጪ እስኪመለስ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ ኸርቢ ሃንኮክን ማስመጣት የሚያኮራውን ያህል ዕዳውንም ያከብዳል። በዓለም ዙሪያ ከሚወጡት አልበሞች አብዛኞቹ ይህን ዕዳ ሳይጨርሱ ነው ከገበያ የሚወጡት። (የጂጂ ውል ምን ይል እንደነበር የምታውቀው እርሷና አሳታሚዋ ናቸው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ተለመደው አሠራር ነው።)

ይሁንና ሌላ ኪስ አለ። የግጥምና የዜማ ደራሲ ድርሻ የሚባለው። ይህኛው ከአልበሙ ወጪ ጋር አይገናኝም፤ ከመጀመሪያዋ ቅጂ ጀምሮ ይታሰባል። አሜሪካ ውስጥ መጠኑን የሚወስነው ሕግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 7 ነጥብ 55 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ደራሲዋ ራሷ የሆነች ዘፋኝ 12 ዘፈን ያለበት ሲዲ ብታወጣ በእያንዳንዱ ሲዲ 90 ነጥብ 6 ሳንቲም፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ7 ብር በላይ ይታሰብላታል። አሳታሚዎች በውላቸው ላይ ይህን ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ የማድረግ ልማድ አላቸው። እንዲያም ሆኖ 68 ሳንቲም ያህል ይቀራል። 10,000 ሲዲ ቢሸጥ ከ6,800 እስከ 9,000 ዶላር ማለት ነው። ሚሊየነር የሚያደርግ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ዘፈኑ በተባዛ ቁጥር ደራሲው ዘንድ ይደርሳል። ሳን ፍራንሲስኮ ወይም በርሊን ሱቅ ውስጥ የተሸጠችው ሲዲ ሁሉ በመዝገብ ሰፍራለች።

አሁን ወደ እኛው ገበያ እንምጣ።

አገራችን ውስጥ የሙዚቃ ንግድ ገና ከጅምሩ ሂሳቡ የተቆለፈበት ነው። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን ቁልፍ የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን የከፈተው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። ሸክላውን መጀመሪያ ህንድ አሳትሞ ሲያስመጣ ብዙዎች ይታሰራል ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልታሰረም። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ ፈረንጅ በውድ የሚገዛው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከዚያ የተረፈ ነው። ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ለአድማጩ ሲሳይ፣ ለዘፋኙ ደግሞ ፈተና ሆነ። ሸክላ ለማባዛት ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ካሴት ለማባዛት የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ጉሮሮ ቴፕ ብቻ ነው።

የእኛ ሙዚቃ ቤቶች አሠራርም ከፈረንጁ የተለየ ነበር። ዘፋኙ ማስተሩን ያስረክባል፣ የተስማማበትን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ አንድ መቶ ሺህ እርሱን አይመለከተውም። የዜማና የግጥም ደራሲውም እንዲሁ በቁርጥ ተከፍሎት ያልቃል። ሙዚቃ ቤቶቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ካሴቱ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ኮፒው በየመንገዱ እንደሚዘረጋ ስለሚያውቁ በዚያች ሳምንት ያልመለሱት ገንዘብ እንደማይመለስ ያስባሉ። ስለዚህ ለዘፋኙ የሚሰጡት ዋጋ ውስጥ የኮፒው ኪሳራ አስቀድሞ ተቀንሷል። ሌባው የሚሰርቀው ነገ ነው፤ ዘፋኙ የሚከፍለው ዛሬ ነው።

የጂጂ አልበም አገር ቤት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ዋናው ሲዲ አሜሪካ የሚሸጥበት ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ለአንድ የወረዳ ከተማ መምህር የማይታሰብ ነበር። ፓልም ፒክቸርስም ደብረ ወርቅ ድረስ ወኪል ይልካል ተብሎ አይጠበቅም። ከሻንጣ የወጣች አንዲት ሲዲ አዲስ አበባ ላይ ወደ ካሴት ትገለበጣለች፣ ካሴቱ ይባዛል፣ አንዱን ሹፌር ይገዛዋል፣ ሹፌሩ ከመርካቶ እስከ ሞጣ ደጋግሞ ያጫውተዋል፣ ተሳፋሪው ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁ ያስመጣል። በየጊዜው እቃው ተለወጠ እንጂ መንገዱ አልተለወጠም። ከካሴት ሁሉንም ዘፋኝ ወደ ያዘው ባለ ብዙ ዘፈን ሲዲ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሞባይል ሚሞሪ።

ሚሞሪ መጫን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ የሚሞሪ ማንበቢያ፣ ደጅ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ያለው ወጣት የገበያ ቀን ሲሆን ፋታ የለውም። ገበሬው ጤፉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዙን ገዝቶ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሚሞሪውን ያስሞላል። «ከጎጃሙም፣ ከቆየውም፣ ከአዲሱም ቀላቅለህ ጫንልኝ» ይላል። ጉራማይሌ ይሉሃል ይህ ነው!

እስቲ ለስሌት ያህል አንድ ሱቅ በአንድ የገበያ ቀን 30 ሚሞሪ ሞላ እንበል። በእያንዳንዱ ላይ 200 ዘፈን ቢጭን 6,000 ቅጂ ተባዛ ማለት ነው። ለአንድ ቅጂ 10 ሳንቲም ብቻ ለባለቤቶቹ ቢታሰብ 600 ብር ይሆናል። በዓመት 52 የገበያ ሳምንት ስናስበው ከአንዲት ሱቅ ብቻ 31,200 ብር። ይህን በአንድ ከተማ ባሉ ሱቆች፣ ከዚያ በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች፣ ከዚያም በአገሩ ሁሉ እያበዙ መሄድ ለአንባቢ እንተወዋለን። ቁጥሩ ምሳሌ ነው። ገንዘቡ እንደሌለ ተደርጎ የሚታሰበው ስለማይቆጠር እንጂ ስለሌለ እንዳልሆነ ለማሳየት ግን ይበቃል። ሱቁን የከፈተው ወጣትም በአብዛኛው ሥራ አጥ የነበረ፣ ግብሩን የሚከፍል፣ ለፍቶ አዳሪ ነው። ለባለቤቱ ልክፈል ብሎ ቢነሳ እንኳን እርሱ ከተማ ውስጥ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው?

ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የጂጂ አልበም ከወጣ ከ3 ዓመት በኋላ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ታወጀ። አዋጁ ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት፣ ለድምፃዊውና ለፕሮዲውሰሩ ደግሞ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል ይላል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ከባድ። አንድ ሚሞሪ የሞላ ወጣትን 5 ዓመት ወህኒ ለማውረድ የሚደፍር ዳኛም ሆነ ዐቃቤ ሕግ ማግኘት ቀላል አይደለምና። ማስፈራራቱ ሳይሆን መሰብሰቡ እንደሚሻል የገባቸው ወገኖች ነገሩን ገፍተው በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 872 ተጨመረ፤ የባለ መብቶችን ክፍያ በጋራ የሚሰበስብ ማኅበር የሚቋቋምበትን መንገድም አበጀ። ሆቴሉ፣ ሬዲዮው፣ አውቶቡሱ ሁሉ ሙዚቃ ተጠቅሞ ካተረፈ ይክፈል ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ መልካም ነው። በወረዳ ከተማ ደረጃ ደረሰኝ ይዞ የሚዞር ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚህ መካከል ጂጂ ሥራዋን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው ላስዌል የመጀመሪያውን አልበም እንደገና ፈትቶ ያቀናበረው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ሲሆን፣ ድምጿ እንደ ጭስ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይበት ነው። ሁለተኛው አቢሲኒያ ኢንፊኒት በተባለ ስብስብ ስም የወጣው «ዛዮን ሩትስ» ነው። በዚህኛው ክራሩና ዋሽንቱ ወደ ፊት መጡ። ቅይጡ በዛ ያሉትን ሰዎች የሚያስታርቅ አልበም ነበር። በነጋዴ ዓይን ብናየው አንዱን ዕቃ ለሁለት ዓይነት ገዢ ማዘጋጀት ነው፤ ለመኝታ ሰዓት አድማጩ ፈረንጅ አንድ፣ አገሩ ለናፈቀው ሐበሻ አንድ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ደግሞ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ይባላል፤ ወርቅና ሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ደብረ ወርቅ ያለ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ እያለ የሚቆጠረው የቅኔ ቤት ብዙ ነው፤ ደብረ ወርቅም ከተማው በስሙ ወርቅ የያዘ፣ በደብረ ወርቅ ማርያም የሚታወቅ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው አባባል ከአንጥረኛ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጅና በሸክላ ጭቃ ይመርገዋል፤ ሲተኩሰው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስበታል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ ነው፣ ውስጥ ያለው ወርቁ። አልበሙ ላይ የፓርላመንት ፈንካደሊኩ በርኒ ዎረል ኪቦርድ፣ የህንዱ ኡስታድ ሱልጣን ካን ሳራንጊ፣ በራሱ ላይ ባልዲ ደፍቶ የሚጫወተው የሮክ ጊታሪስት በኬትሄድ አሉ። የቻግኒዋ ልጅ ያን ሁሉ ሰም አድርጋው ይሆን? ይህን ለባለ ቅኔዎቹ እንተወው። እኛ ግን በገበያ ቋንቋ አንድ ነገር እንበል። ሰሙ፣ ማለትም ጊታሩና ኪቦርዱ፣ የአሳታሚው ወጪ ነው። ወርቁ፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው፣ የደራሲዋ ንብረት ነው። ሰሙ ዘመን ሲያልፍበት ይቀልጣል።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጡት 12 ዘፈኖች መካከል ዛሬ የኢትዮጵያ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቃቸው ሁለቱ «አድዋ» እና «አባይ» ናቸው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር «አድዋ»ን የማያሰማ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለግ ይቀላል። «አባይ» ደግሞ የተዘፈነችው የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከመጣሉ 10 ዓመት ገደማ ቀድማ ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ተመረቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ዘፈኗ በየመድረኩ፣ በየቴሌቪዥኑ፣ በየገንዘብ ማሰባሰቢያው ተደመጠች። ጎጃምን ከሦስት በኩል የከበበው ወንዝ ራሱ ደብረ ወርቅ ሄዶ ያስተዋወቃት ይመስል! ፈረንጁ አሳታሚ ሲዲውን ሲያሳትም እነዚህ ሁለት ዘፈኖች ከሁሉ ይልቅ ዕድሜ ይኖራቸዋል ብሎ ያሰበ አይመስልም። ለሮክና ለጃዝ አድማጭ አድዋ ምኑ ነው? ለረጅም ጊዜ የሚሸጠው ዕቃ ግን ያ ሆኖ ተገኘ። የተፈለገው ደግሞ ክፍያ በማይሰበሰብበት አገር ነው።

ላስዌል በኋላ በራሱ አነስተኛ ማሳተሚያ እ.ኤ.አ. በ2010 «ምስጋና ኢትዮጵያ» የተባለውን የመድረክ ቅጂ ከጂጂና ከራሱ ማቴሪያል ባንድ ጋር አወጣ። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባዎቹን ልጆች፣ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ፕሮዲውስ አደረገ። ጃኖ በግልጽ የሮክ ባንድ ነኝ ብሎ የወጣ ሲሆን ከድምፃውያኑ ሁለቱ፣ ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻዲቅ፣ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ ዘሪቱ ከበደ የራሷን ግጥምና ዜማ በጊታር አጅባ ብቅ ብላ ነበር። እንግዲህ «ሴት ሮክ አትዘፍንም» የሚለው ወሬ ከገበያ ወጥቷል። በሮክ አጅቦ በአማርኛ የሚዘፍን ሰው የራሱን አልበም በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ወጪውን ይመልሳል ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካሴት ቤቶቹ ተዘግተዋል ወይም ሞባይል መሸጥ ጀምረዋል። ስቱዲዮ፣ አቀናባሪ፣ ቪዲዮ ክሊፕ ሁሉም እጅ በእጅ ይከፈላል። ገቢው ከመድረክ፣ ከማስታወቂያና ከዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብና መሰሎቹ ደግሞ ለአንድ ጊዜ መደመጥ የሚያስቡት ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። ያውም አድማጩ ያለው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ከሆነ ነው የሚሻለው፤ የደብረ ወርቅ አድማጭ ለማስታወቂያ አስነጋሪው ርካሽ ነው።

ሙከራ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር የተባለ፣ ዘፈንን በሞባይል ስልክ የሚሸጥ አገልግሎት ጀመሩ። የሚከፈለው ከስልክ ሂሳብ ላይ ነው፤ የባንክ ካርድ አያስፈልግም። አሳቡ ለአገራችን ልክ የተሰፋ ነበር። ኤልያስ ግን በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ አረፈ። ከእርሱ በኋላ ሰዋሰውን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከብዙ ድምፃውያን ጋር ተዋውለው ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ለገበሬውም ጥቂት ብር መላክ ሰላም ማለት ያህል ቀለለ። በሌላ አነጋገር፣ ደብረ ወርቅ ገበያ ላይ ሚሞሪ የሚያስሞላው ሰው ኪሱ ውስጥ ለጂጂ 2 ብር የሚልክበት መሣሪያ ይዞ ነው የሚሰለፈው። ከዚህ በፊት ለሸክላውም፣ ለካሴቱም፣ ለሲዲውም ያልነበረ ነገር ነው።

ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሳ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ያን ጊዜ መተግበሪያው፣ ዩቲዩቡ፣ ቴሌግራሙ ሁሉ ድምፅ አጣ። ሚሞሪው አልተቋረጠም። ከመንገዱ መዘጋትና መከፈት ጋር እየጠበቀም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጠለ። ለአንድ ነጋዴ ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። ዕቃው ደንበኛው ዘንድ የሚደርሰው በሚሞሪ ከሆነ፣ ሂሳቡም መያያዝ ያለበት ከሚሞሪው ጋር ነው። ሚሞሪ ጫኚውን እንደ ሌባ ከማሳደድ ይልቅ የወረዳ ወኪል አድርጎ ፈቃድ መስጠት፣ በወር የተቆረጠ ገንዘብ በቴሌብር እንዲያስገባ ማድረግ፣ በምትኩ ጥራት ያለውን ቅጂ ከዋናው ምንጭ መስጠት ይቻላል። ጫኚውም ይወደዋል፤ ደንበኞቹ የሚያማርሩት ስለ ዋጋው ሳይሆን «ተቆርጧል፣ ይንቋቋል» እያሉ ነውና።

እንዲህ ያለ ውል ቢመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ገንዘቡ ለማን ይግባ የሚል ነው። ለአሳታሚው? አሜሪካ ያለው የድምፁ ቅጂ ባለቤት አልበሙን ለሌላ ሸጦት ከሆነስ? ለደራሲዋ? ሁለቱም በሕግ ድርሻ አላቸው። አንዲት ወጣት ዛሬ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ስቱዲዮ ገብታ ጊታርና ክራር ቀላቅላ የራሷን አልበም በራሷ ገንዘብ ብትሠራ ግን ሁለቱም ኪስ የእርሷ ነው፤ ማስተሩም ድርሰቱም። ያቺ ወጣት ከሙዚቃ ቤት በቁርጥ ዋጋ ሲቀርብላት የምትፈርመው ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ኪሶች በአንድ መስመር ተጽፈው ይገኛሉ። «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» ይላል መስመሩ። ዋጋው የሚጻፈው ከሥሩ ነው።